“ናቀኝ” የሚለውን ሐሳብ መንገድ ላይ መያዝ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በጣና ሐይቅ ዳር ባለው መንገድ ወደ ሥራ እየሄድኩ አንድ የቆየ ጓደኛዬ ከፊት ለፊቴ መጣ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ አለፈኝ። ሰላም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን ሳብሰለስል ከረምኩ። በመጀመሪያው ቀን “አይቶኛል፣ ናቀኝ” አልኩ። በሁለተኛው ቀን ከአምስት ዓመት በፊት ለቅሶ ቤት የተናገረኝ አንዲት ቃል ትዝ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ለሰርጉ ያዋጣሁትን ብር መቁጠር ጀመርኩ። ሐይቁ እዚያው ነበር፣ ቡናው ይፈላ ነበር፣ ልጆቼ ይጫወቱ ነበር። እኔ ግን አልነበርኩም።

ቆይቼ ጠየቅኩት። “አዎ፣ አይቼሃለሁ” አለኝ። “የዚያን ቀን ከማንም ጋር ማውራት አልፈለግኩም። ከአንተም ጋር።” እንግዲህ ሰላምታውን ነፍጎኛል፤ ሐሳቤ ውሸት አልነበረም። ሦስቱን ቀን ግን እሱ አልወሰደብኝም።

ቡድሃ ይህንን በሁለት ቀስት ይመስለዋል። አንዱ ቀስት ከውጭ ይመጣና ይወጋሃል፤ ያማል፣ ማንም አያመልጠውም። ሁለተኛውን ቀስት ግን በቁስልህ ላይ የምትጨምረው አንተ ራስህ ነህ፤ በመብከንከን፣ በመቆጨት፣ ነገር በማላመጥ። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ቀስት ነው። ለአንድ ዓመት ያህል እዚሁ ባሕር ዳር የሞከርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቡድሃ ማለት “የነቃ” ማለት ነው። ከእኛ “ቡዳ” ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙን ሲሰሙ የደነገጡ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው የማነሳው። ሰውየው ሲዳርታ ጎታማ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ በሰሜን ሕንድ ሲያስተምር ኖረ። ትምህርቱ ለብዙ ዘመን በቃል ከተላለፈ በኋላ ስሪላንካ ውስጥ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጻፈ። በከተማችን መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን ዘንባባዎች ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ሃይማኖቴን አልቀየርኩም። ቡድሂዝም ዓለምን ስለፈጠረ አምላክ አያስተምርም፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ሐሳብን ስለ መጠበቅ የሚለው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኃልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር እያልን ነው ያደግነው፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት። ቡድሃም የሰውን ሥራ በሦስት ይከፍለዋል፤ የአካል፣ የአንደበት፣ የልብ። ዳማፓዳ የተባለው የትምህርቱ ስብስብ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፤ ልብ ይቀድማል፣ ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ ክፉ ባሰበ ልብ የሚናገርና የሚሠራ ሰውን መከራ ይከተለዋል፣ ጋሪ የሚጎትተውን በሬ እግር መንኮራኩሩ እንደሚከተለው።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ደብተር፣ እስክሪብቶና በቀን 10 ደቂቃ ነው። ሌላ ምንም አትግዙ።

1. ሐሳባችሁን በራሱ ቃል ጻፉት

ለሦስት ቀን ስሜታችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር በዚያች ሰዓት በውስጣችሁ ያለፈችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በመጽሐፍ ቋንቋ አታሳምሯት። እንደመጣች ትጻፍ። “አይሳካልኝም።” “ሁልጊዜ የምለፋው እኔ ነኝ።” “ምን ይሉኛል።” “ቢያውቁኝ ይሸሹኛል።”

በሦስተኛው ቀን ማታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትመጣለች። የእኔ “ናቀኝ” ነበረች። ባጃጅ ሳይቆምልኝ አለፈ፣ ናቀኝ። አስተናጋጇ ከእኔ በኋላ ለመጣው ሰው ማኪያቶ ቀድማ ሰጠች፣ ናቀችኝ። ጎንደር ያለው ወንድሜ ስልክ አላነሳም፣ ናቀኝ። ደብተሩ ላይ ተደርድሮ ሳየው ደነገጥኩ። የባጃጁ ሹፌር እኮ በሕይወቱ አይቶኝ አያውቅም! በምን አውቆ ነው የሚንቀኝ? ዓረፍተ ነገሯ ማስረጃ አትጠብቅም ማለት ነው። ቀድማ ተዘጋጅታ ትቀመጥና የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች።

ቡድሃ ስለዚህ የተናገረው ቀላል ነው። ሰው ደጋግሞ የሚያስበውና የሚያውጠነጥነው ምንም ይሁን ምን፣ ልቡ ወደዚያው ያዘነብላል። ሐይቁ ዳር ሣር ላይ ሰው የሚያቋርጥባቸውን ቀጫጭን መንገዶች አይታችኋል? ማንም መሐንዲስ አልቀየሳቸውም። እግር ነው የሠራቸው። አንዴ ከተሠሩ በኋላ ደግሞ እግር ሳያስብ ወደዚያው ይሄዳል። የእኛ ሰው ይህንኑ ባጭሩ “የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ” ብሎታል።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ስሙን ያላወቃችሁትን ነገር ሲመጣ አትይዙትም።

2. ቁጭ በሉ

በቀን አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ። ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ባጃጅ ሳይበዛ ጥሩ ነው። ሐይቁ ዳር መሄድ የሚችል ይሂድ፤ የማይችል ወንበር ላይ ይቀመጥ። እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ወገባችሁን ቀጥ አድርጉ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ ጣሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ ወይም ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ።

ትንፋሻችሁ አፍንጫችሁ ጫፍ ላይ ሲገባና ሲወጣ ተሰማችሁ? እዚያ ላይ ሁኑ። አትቆጣጠሩት፤ ራሱ ይሂድ። ትንሽ ቆይቶ ሐሳብ ይዟችሁ ጭልጥ ይላል፤ ያልከፈላችሁት የቤት ኪራይ ጋ ወይም ትናንት የተባላችሁት ነገር ጋ። እንደሄዳችሁ ስታውቁ በልባችሁ “ማሰብ” በሉና ወደ ትንፋሹ ተመለሱ። ራሳችሁን አትሳደቡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 40 ጊዜ ብትሄዱና 40 ጊዜ ብትመለሱ ጥሩ ሠርታችኋል። ልምምዱ መመለሱ ነው።

ብዙ ሰው “ሐሳቤ አልቆም አለኝ” ብሎ እዚህ ላይ ይተወዋል። ሐሳብ እንዲቆም ማንም አልጠየቃችሁም።

ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ይሆናል። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳው ውኃ ላይ ሲውል እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ውኃው ከታች ጠብ ጠብ እያለ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ካልደረቀ በማግስቱ አይንሳፈፍለትም። የጠዋቷን 10 ደቂቃ እኔ እንደዚያ ነው የማያት። ቀኑን ሙሉ የጠጣሁት እንዲንጠባጠብ።

3. ከታሪኩ በፊት ያለችውን ስሜት ያዙ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ሳምንታት ብትቆዩ አይቆጭም።

ከቡድሃ ደቀ መዛሙርት አንዱ መሃካቻና ይባላል። መምህሩ ባጭሩ የተናገረውን ዘርዝሮ በማስረዳት የታወቀ ነበር። እሱ እንዳስረዳው ነገሩ በሰንሰለት ነው የሚሄደው። ዓይን አንድ ነገር ያያል። ከማየቱ ጋር ስሜት ይመጣል፤ ደስ የሚል፣ ደስ የማይል፣ ወይም ሁለቱም ያልሆነ። ይህን ቬዳና ይሉታል። ከዚያ “ይህ እንዲህ ነው” ብለን ስም እንሰጠዋለን። ስም የሰጠነውን እናስበዋለን። ያሰብነውን ደግሞ እናባዛዋለን፤ ይህን የመጨረሻውን ፓፓንቻ ይሉታል። የዛሬ አምስት ዓመት ለቅሶ ቤት የተባለው ቃልና የሰርጉ ብር የእኔ ፓፓንቻ ነበሩ።

ሰንሰለቱ በጣም ፈጣን ስለሆነ ለእኛ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስለን። “ሰደበኝ፣ ተናደድኩ” እንላለን። በመሃል ግን ብዙ አለ። ልምምዱ የሚፈልገው ሁለተኛዋን ቀለበት ማየት ነው፤ ስሜቷ መጥታ ታሪኩ ገና ያልጀመረባትን ቅጽበት።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ምንም በማይጎዳ ነገር ተለማመዱ። ከቤት እስከ ሥራ ስትሄዱ የሚያጋጥማችሁን በሦስቱ ቃላት ብቻ ጥሩት። የሚቆላ ቡና ሽታ፣ ደስ የሚል። የባጃጅ ጡሩንባ ጆሮ ሥር፣ ደስ የማይል። ከጫማችሁ በታች ያለው አስፋልት፣ ሁለቱም ያልሆነ። ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ አንገት ላይ፣ ደስ የሚል። ከዓሣ መሸጫው አጠገብ የተደፋ የቆሮሶ ቅርፊትና ዝንቡ፣ ደስ የማይል። በቃ። ለምን እንደሆነ አትተንትኑ፤ “ማዘጋጃ ቤቱ ለምን አያጸዳም” ካላችሁ ወደ ታሪኩ ገብታችኋል፤ ተመለሱ። ሁለቱም ያልሆነውን መያዝ ከሁሉ ይከብዳል፤ ልብ እዚያ ላይ ይሰለቻልና ሌላ ነገር ፍለጋ ይሄዳል።

ሳምንት ከሠራችሁ በኋላ ወደምታምመው ሂዱ። ለእኔ ባጃጅ ነበር። እጄን አነሳለሁ፣ ሹፌሩ ያየኛል፣ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ምንድን ነው የሚሆነው? በመጀመሪያ “ንዴት” ብቻ ነው የማየው። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከንዴቱ በፊት አንድ ነገር እንዳለ አየሁ። ደረቴ መሃል፣ ከአንገቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሆነ ነገር ጭብጥ ይላል። ትንሽ ሙቀት አለው። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የሚቆየው። በቃ፣ ይኸው ነው። ደስ አይልም፤ ግን አይገልም። ያንን ጭብጥታ አይቼ “ደስ የማይል” ስለው “ናቀኝ” ደጃፍ ላይ ትመጣለች፤ ግን ከተናገረች በኋላ ሳይሆን ልትናገር አፏን ስትከፍት አገኛታለሁ።

የእናንተ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሆድ፣ ጉሮሮ፣ መንጋጋ፣ ትከሻ። ፈልጉት። ሲመጣ ሦስት ትንፋሽ እዚያው ላይ ቆዩና ከዚያ መልስ መስጠት ካለባችሁ ስጡ። ሦስት ትንፋሽ ለማንም ሰው ረጅም ዝምታ አይመስልም፤ በስብሰባም በጭቅጭቅም ሞክሬዋለሁ።

4. አልሄድ ያለውን ሐሳብ

አንዳንዱ ሐሳብ ታይቶም አይሄድም። ቡድሃ ለዚህ አምስት መንገድ በቅደም ተከተል ሰጥቷል። በመጀመሪያው ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ትሄዳላችሁ።

የመጀመሪያው መተካት ነው። አናጢ ወፍራሙን ሽብልቅ በቀጭን ሽብልቅ መትቶ እንደሚያስወጣው፣ ክፉውን ሐሳብ በሌላ መልካም ሐሳብ ታስወጡታላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “ናቀኝ”ን አውጥቼ “ይወደኛል”ን ልክተት ቢል ልቡ አያምነውም፤ ሽብልቁ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። የእኔ ቀጭን ሽብልቅ “አላውቅም” የምትለዋ ናት። ሹፌሩ ለምን አልቆመም? አላውቅም። ወንድሜ ለምን ስልክ አላነሳም? አላውቅም። እውነት ስለሆነች ትገባለች። ከሞከርኳቸው ሁሉ እንደ እሷ የጠቀመኝ የለም።

ሁለተኛው ሐሳቡ የሚያስከፍላችሁን ማየት ነው፤ ያጣችሁትን እንቅልፍ፣ የቀዘቀዘውን ምሳ። ሦስተኛው ትኩረት መንፈግ ነው፤ ማየት የማይፈልጉትን ነገር ሲያዩ ፊትን እንደ ማዞር።

አራተኛው ደስ ይለኛል። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው “ለምን እፈጥናለሁ?” ይልና ቀስ ይላል። “ለምን እሄዳለሁ?” ይልና ይቆማል። ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያም ጋደም ይላል። ሐሳብንም እንዲሁ ማብረድ ነው። እኔ ይህን ቃል በቃል በእግሬ ነው የምሠራው። ስናደድ እርምጃዬ እንደሚፈጥን አስተውያለሁ። ሐይቁ ዳር ላይ እያወቅኩ ዝግ አደርገዋለሁ፣ እቆማለሁ፣ አንድ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። እግሬ ሲበርድ ሐሳቤም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል።

አምስተኛው ጥርስን ነክሶ ሐሳቡን በጉልበት መደፍጠጥ ነው። ለመጨረሻ የተቀመጠ ነው፤ ከሱ አትጀምሩ።

5. ምርቃት

አዲስ መንገድ ሳይሠሩ አሮጌውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ቡድሂስቶች ሜታ የሚሉት ልምምድ አለ፤ ለራስና ለሌላው ደህንነትን መመኘት። ለእኛ ይህ ምርቃት ነው። “ደህና ሁን። ከክፉ ተሰወር። ልብህ ይረፍ።” መጀመሪያ ለራሳችሁ፣ ከዚያ ለምትወዱት ሰው፣ ከዚያ ለማታውቁት፣ በመጨረሻ ለሚከብዳችሁ ሰው። ከሚከብደው አትጀምሩ፤ አፋችሁ ይደርቃል።

እኔም ደርቆብኝ ነበር። የማስመስል መሰለኝ። ቡና ስንጠጣ ሁልጊዜ የሚመርቁንን ጎረቤታችንን ጠየቅኳቸው።

“እትዬ፣ ስትመርቁ ሁልጊዜ ከልብ ነው?”

ሲኒውን እያለቀለቁ ሳቁ። “ሁልጊዜማ ከየት ይመጣል ልጄ! አንዳንድ ቀን አፌ ነው የሚለው። ልቤ ኋላ ይደርሳል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጨነቅ እለዋለሁ። ላለፈኝ ባጃጅ ሹፌርም ጭምር፤ “በሰላም ግባ።”

6. መቼ መጠበቅ፣ መቼ መልቀቅ

ልጅ ሆኜ ከመራዊ ወዲህ ባለ ገጠር ከብት ጠብቄያለሁ። መስከረም ላይ እህሉ ቆሞ፣ ጤፉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ከብት መንዳት ጭንቅ ነው። ዓይንህን ከነሱ ላይ አታነሳም። አንዷ አንገቷን ወደ ማሳው ስትሰብቅ በዱላ ጫፍ ትመልሳታለህ። ካመለጠችህ ባለ ማሳው ይመጣል፤ ካሳ አለ፣ ቁጣ አለ፣ ማታ ቤት ደግሞ ሌላ አለ። ከጥር በኋላ ግን አዝመራው ገብቷል። ዛፍ ሥር ትቀመጣለህ። “ከብቶቹ እዚያ አሉ” ብለህ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ይህንኑ ምሳሌ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ቡድሃ እንደተናገረው ሳነብ ደብተሬን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ገና ከመንቃቱ በፊት ሐሳቡን ሁሉ ለሁለት ከፍሎ እንደነበር ይናገራል፤ የሥጋ ምኞት፣ የክፋትና የጭካኔ ሐሳብ በአንድ ወገን፣ የእነዚህ ተቃራኒ በሌላ ወገን። የመጀመሪያዎቹ ሲመጡ በዝናቡ ወራት መጨረሻ፣ እህል በቆመበት ጊዜ እንደሚጠብቅ እረኛ ነበር። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ አዝመራ ከገባ በኋላ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ እረኛ። መልካም ሐሳብም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከተያዘ ሰውነትን ያደክማል ይላል።

ሥራ ላይ ስታውሉት እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ራሳችሁን አትጠብቁ። እህሉ የቆመበትን ቦታ እወቁ። ለእኔ የባጃጅ ፌርማታ፣ የቤተሰብ ስልክና የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ናቸው። እነዚህ ላይ ዱላ እይዛለሁ። በሌላው ጊዜ ከብቶቹ ይጋጡ።

ሲያስቸግር

እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ቆማችሁ ሥሩት። ጊዜ ካጣችሁ አምስት ደቂቃ ይሁን።

“ተሻለኝ” ባላችሁ ማግስት አሮጌው ሐሳብ በጅምላ ሲመለስ ተስፋ አትቁረጡ። ጣናን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን አስቡት። በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች በሺዎች ወጥተው፣ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። ተመልሶ መጣ። ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ቡድሂስቶች አኑሳያ የሚሉት ነገር አለ፤ ትርጉሙ “አብሮ የተኛ” እንደ ማለት ነው። ላይ የማይታይ፣ ምቹ ጊዜ ሲያገኝ የሚበቅል ዝንባሌ። ተመልሶ መብቀሉ ሥራችሁ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ያኔ ውኃው ላይ ስለወጣ ይነቀላል።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምላችሁ አለ። መከራ ሁሉ የሐሳብ ልማድ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ሰው የሞተበት፣ ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ሥራው የቆመበት ብዙ ነው። ያ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ እውነተኛ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው “አስተሳሰብህን ቀይር” ማለት ነውር ነው። ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። እናንተም ራሳችሁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ይህን መመሪያ አስቀምጡና ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ሐኪም ጋም ሂዱ።

ደብተሩን በወር አንድ ጊዜ

ደብተሩ ከሦስቱ ቀን በኋላም ይቀጥላል። በየወሩ መጨረሻ ዓረፍተ ነገሯ ስንት ጊዜ እንደተጻፈች ቁጠሩ። ከእያንዳንዷ ጎን አንድ ምልክት አድርጉ፤ ማታ ቤት ገብታችሁ ያስታወሳችሁት ከሆነ “ማ”፣ እዚያው እየሆነ የያዛችሁት ከሆነ “መ”፣ መንገድ ላይ ለማለት።

የእኔ በመጀመሪያው ወር “ናቀኝ” 31 ጊዜ ተጽፏል፤ ሁሉም “ማ”። ባለፈው ወር 19 ነው። ከ19ኙ 11ዱ “መ” ናቸው። አንዱ የተጻፈው እዚያው ሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ቆሜ ነው፤ ያው ጓደኛዬ ከሩቅ ሲመጣ አይቼ፣ ደረቴ ጭብጥ ብሎ፣ ሰላም ይበለኝ አይበለኝ ገና ሳላውቅ።